የኢትዮጵያ የጤና ዕቅድና ፋይናንስ ማሻሻያ

የኢትዮጵያ የጤና ዕቅድና ፋይናንስ ማሻሻያ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ጤና ተቋማት ሥራቸውን የሚያቅዱበትን፣ ገንዘብ የሚያገኙበትንና የሚያወጡበትን መንገድ ለመለወጥ የተወሰዱ ተከታታይ እርምጃዎች የጋራ መጠሪያ ነው። ማሻሻያው በአንድ አዋጅ ተጀምሮ ያለቀ ሥራ አይደለም። ዋና ዋና ክፍሎቹ በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አጠባበቅ ፋይናንስ ስትራቴጂ፣ በዚያው ዓመት የተጀመረው የጤናው ዘርፍ ልማት ፕሮግራም፣ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ እና በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ናቸው።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚመላለሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሰው ሲታመም የሕክምናውን ወጪ ማን ይከፍላል? መቼስ ይከፍላል? በቀድሞው አሠራር ታማሚው ወይም ቤተሰቡ በታመመበት ቀን በካርድ ክፍሉ መስኮት ይከፍል ነበር። ማሻሻያው ክፍያውን ቀስ በቀስ ከሕመሙ ቀን በፊት ወደሚሰበሰብ የጋራ ገንዘብ ለማዞር ይሞክራል። ሽግግሩ ግን እስካሁን በከፊል ብቻ ተሳክቷል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ታሪካዊ ዳራ

ዘመናዊ ሕክምና በኢትዮጵያ ከአድዋ ጦርነት በኋላ ከመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ጋር በስፋት መታወቅ ጀመረ። የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። ሆኖም ሆስፒታሎቹም ሐኪሞቹም በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ነበር።

የደርግ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ ከተማ የወጣውን የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት መግለጫ ተቀብሎ ለበሽታ መከላከልና ለገጠሩ ሕዝብ ቅድሚያ እሰጣለሁ አለ። ነገር ግን የአገሪቱ ገንዘብ ወደ ጦርነት ይሄድ ስለነበር ለጤና የሚተርፈው ጥቂት ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙ የገጠር ጤና ተቋማት መድኃኒትም ባለሙያም አልነበራቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1993 የሽግግር መንግሥቱ አዲስ የጤና ፖሊሲ አወጣ። ፖሊሲው በሽታን መከላከልን፣ ሥልጣንን ወደ ክልሎች ማውረድን፣ የግል ዘርፉንና ሌሎች የገንዘብ ምንጮችን ማሳተፍን በመርኅነት አስቀመጠ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለሕዝብ ጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል።

ከማሻሻያው በፊት የነበሩ ችግሮች

የጤና ተቋማት ገቢ። ለካርድ፣ ለምርመራ፣ ለአልጋና ለመድኃኒት ከታካሚዎች የሚሰበሰበው ገንዘብ በሙሉ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ፈሰስ ይደረግ ነበር። የክፍያ ተመኑ ለብዙ ዘመን ሳይከለስ የቆየ በመሆኑ ከአገልግሎቱ እውነተኛ ወጪ ጋር አይገናኝም። አንድ ጤና ጣቢያ ብዙ ቢሰበስብም ጥቂት ቢሰበስብም በጀቱ ያው ስለነበር፣ ገንዘቡን በጥንቃቄ ለመሰብሰብም ሆነ አገልግሎቱን ለማሻሻል የሚያነሳሳው ነገር አልነበረም። መድኃኒት ሲያልቅ የሚቀጥለውን በጀት መጠበቅ ግድ ይል ነበር።

የነፃ ሕክምና ወረቀት። መክፈል የማይችል ሰው ከቀበሌው የነፃ ሕክምና ማስረጃ ያመጣ ነበር። ችግሩ ወረቀቱ የሚጠየቀው ሰው ከታመመ በኋላ መሆኑ ነው። በጠና የታመመ ድሃ ማኅተም ፍለጋ ሲመላለስ ይውላል፤ መክፈል የሚችል ነገር ግን ሰው የሚያውቅ ወረቀቱን በቀላሉ ያገኛል። ለነፃ ታካሚው የወጣውን ወጪ ለተቋሙ የሚተካለት አካልም ስላልነበረ ነፃ ታካሚ ለጤና ጣቢያው እንደ ኪሳራ ይታይ ነበር።

የተበታተነ ዕቅድ። ወባ፣ ክትባት፣ ቲቢና የቤተሰብ ምጣኔን የመሳሰሉት ሥራዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ለጋሽ፣ ዕቅድና ሪፖርት ነበራቸው። አንድ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ለተለያዩ ለጋሾች የተለያየ ቅጽ ሲሞላ ይከርማል፤ ወረዳው ራሱ የሚያስቀድመው ችግር ግን በዕቅዱ ውስጥ ቦታ ላያገኝ ይችላል።

የዕቅድ ማሻሻያ

የሃያ ዓመቱ መርሐ ግብር

በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው የጤናው ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በተከታታይ ምዕራፎች ለሃያ ዓመት ያህል የሚዘልቅ ሆኖ ነው የታሰበው። ምዕራፎቹና ከእነሱ በኋላ የመጡት ዕቅዶች የሚከተሉት ናቸው፦

• የጤናው ዘርፍ ልማት ፕሮግራም 1፦ ከ1990 እስከ 1994 ዓ.ም.
• የጤናው ዘርፍ ልማት ፕሮግራም 2፦ ከ1995 እስከ 1997 ዓ.ም.
• የጤናው ዘርፍ ልማት ፕሮግራም 3፦ ከ1998 እስከ 2002 ዓ.ም.
• የጤናው ዘርፍ ልማት ፕሮግራም 4፦ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም.
• የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 1፦ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.
• የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 2፦ ከ2013 እስከ 2017 ዓ.ም.

በእነዚህ ዓመታት የጤና ተቋማት አደረጃጀት ወደ ሦስት እርከን ተጠቃለለ። የመጀመሪያው እርከን ጤና ኬላን፣ ጤና ጣቢያንና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልን ይይዛል። በመለኪያው መሠረት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ ያገለግላል። ሁለተኛው እርከን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ የሚያገለግለው ጠቅላላ ሆስፒታል ነው። ሦስተኛው ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ የሚያገለግለው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። መለኪያው የት ምን መሠራት እንዳለበት ለመወሰን የሚያገለግል ሲሆን፣ በሁሉም ቦታ ተሟልቷል ማለት አይደለም።

«አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት»

ከ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ በተለይ ቴዎድሮስ አድኃኖም ሚኒስትር በነበሩበት ዘመን (ከ1998 እስከ 2005 ዓ.ም.)፣ ለጋሾችን በአንድ አገራዊ ዕቅድ ሥር ለማሰባሰብ ሠርቷል። የአሠራሩ መፈክር «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» ይባላል። ከላይ አገራዊ ግቦች ይወርዳሉ፤ ከታች ደግሞ እያንዳንዱ ወረዳ ባለው የሰው ኃይል፣ ገንዘብና የጤና ችግር መጠን ምን ያህል ማድረስ እንደሚችል ያቅዳል። ሁለቱ ተገናዝበው ዓመታዊው ዕቅድ ይጸድቃል።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 ኢትዮጵያና የልማት አጋሮቿ በዓለም አቀፉ የጤና አጋርነት ማዕቀፍ ሥር የአገር ደረጃ ስምምነት ተፈራረሙ። በዚህ ማዕቀፍ እንዲህ ያለ ስምምነት በመፈረም ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ አገር ናት። ለጋሾች ከአገሪቱ ዕቅድ ጋር ለመጣጣም፣ መንግሥት ደግሞ ለጤና የሚመድበውን ለመጨመርና የሥራውን ውጤት ለማሳየት ቃል ገቡ።

የውጭ ገንዘብ የሚገባባቸው መንገዶች

የውጭ እርዳታ ወደ ጤናው ዘርፍ የሚገባው በሦስት መንገዶች ነው። በመጀመሪያው መንገድ ገንዘቡ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል እንደ መንግሥት በጀት ይተላለፋል። በሁለተኛው ለጤና ሚኒስቴር ወይም ለክልል ጤና ቢሮ በቀጥታ ይሰጣል። በሦስተኛው ለጋሹ ራሱ ወይም እሱ የመረጠው ድርጅት ገንዘቡን ያስተዳድራል። ዕቅዱ በአንድ ላይ እንዲሆን የሚፈልግ መንግሥት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይመርጣል፤ ብዙ ለጋሾች ግን ለራሳቸው ግብር ከፋይ ሂሳብ ማቅረብ ስላለባቸው ሦስተኛውን ይመርጣሉ።

በዚህ መካከል የተገኘው መፍትሔ በጤና ሚኒስቴር የሚተዳደር የጋራ ቋት ነው። ቋቱ በመጀመሪያ በምዕተ ዓመቱ የልማት ግቦች፣ በኋላ በዘላቂ የልማት ግቦች ስም ተጠራ። ወደ ቋቱ የገቡ ለጋሾች ገንዘባቸው ለየትኛው ሥራ እንደሚውል ለብቻቸው አይወስኑም፤ ከመንግሥት ጋር በጋራ በጸደቀ ዕቅድ መሠረት ለመድኃኒት፣ ለመሣሪያ፣ ለሥልጠናና ለመሳሰሉት ይውላል። ትልልቆቹ የኤች አይ ቪ፣ የቲቢና የወባ ፕሮግራሞች ገንዘብ ግን በአብዛኛው ከዚህ ቋት ውጭ ነው።

የጤና መረጃ

ያለ መረጃ ዕቅድ ማውጣት ስለማይቻል የመረጃ ሥርዓቱም ተሻሽሏል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቅጾችና የአመልካቾች ዝርዝር በአገር አቀፍ ደረጃ አንድ ወጥ ተደረጉ። በጤና ኬላዎች እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ «የቤተሰብ ማኅደር» ተከፈተለት። በመጀመሪያው የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ «የመረጃ አብዮት» ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ ሆነ፤ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ነፃ ሶፍትዌር ዲኤችአይኤስ2 ለአገር አቀፍ ሪፖርት ሥራ ላይ ዋለ። የመብራትና የኢንተርኔት መቆራረጥ ባለባቸው ቦታዎች ግን መዝገቡ በወረቀት፣ ሪፖርቱ በኮምፒውተር የሚሠራበት ድርብ ሥራ አልቀረም።

የጤና አጠባበቅ ፋይናንስ ስትራቴጂ

ስትራቴጂውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ1990 ዓ.ም. ቢያጸድቀውም ሥራ ላይ የዋለው ክልሎች የየራሳቸውን አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ ካወጡ በኋላ ነው። አማራ፣ ኦሮሚያና የቀድሞው ደቡብ ክልል ከቀዳሚዎቹ መካከል ናቸው። ዋና ዋና ክፍሎቹ እነዚህ ናቸው፦

የውስጥ ገቢን መጠቀም። ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የሰበሰቡትን ገንዘብ ፈሰስ ከማድረግ ይልቅ ለራሳቸው አገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉት ተፈቀደ። ገንዘቡ ከመንግሥት በጀት ላይ የሚጨመር እንጂ በጀቱን የሚተካ አይደለም። በመሆኑም አንድ ተቋም ብዙ ስለሰበሰበ በጀቱ እንዳይቀነስበት ይደረጋል። ገንዘቡ ለመድኃኒት፣ ለሕክምና መሣሪያና ለጥገና ሲውል፣ ለደመወዝ መክፈያ አይውልም። በብዙ ተቋማት ከፍተኛው ድርሻ የሚውለው ለመድኃኒት መግዣ ነው።

የሥራ አመራር ቦርድ። ተቋማት ዕቅዳቸውንና የውስጥ ገቢ አጠቃቀማቸውን የሚያጸድቅ ቦርድ ተቋቋመላቸው። በቦርዱ ውስጥ የአካባቢ አስተዳደርና የኅብረተሰብ ተወካዮች ይገኛሉ።

ከክፍያ ነፃ የሆኑ አገልግሎቶች። የእናቶች የቅድመ ወሊድ፣ የወሊድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት በጤና ጣቢያ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢና የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲሁም የወረርሽኝ መከላከል ሥራ ሀብታም ድሃ ሳይለይ ለሁሉም በነፃ ይሰጣል። ምክንያቱ ጥቅማቸው ከታካሚው አልፎ ለጎረቤቱም የሚደርስ መሆኑ ነው፤ የቲቢ ታማሚ ገንዘብ አጥቶ ሕክምናውን ቢያቋርጥ በሽታው ወደ ሌሎች ይተላለፋል።

መክፈል የማይችሉትን አስቀድሞ መለየት። የነፃ ሕክምና ወረቀቱ ቀርቶ ድሃ ቤተሰቦች ከመታመማቸው በፊት በቀበሌው ነዋሪ ተሳትፎ ተለይተው ይመዘገባሉ፤ ለሚሰጣቸው ሕክምና ወረዳው ለተቋሙ ይከፍላል። በዚህ አሠራር ድሃው ለጤና ጣቢያው ኪሳራ መሆኑ ቀርቶ ሂሳቡ የሚከፈልለት ታካሚ ይሆናል፤ ይህ የሚሆነው ግን ወረዳው በቂ በጀት ሲይዝ ነው።

ሌሎች ክፍሎች። የክፍያ ተመንን በየጊዜው መከለስ፣ እንደ ጽዳት፣ ጥበቃና ምግብ ዝግጅት ያሉ ሥራዎችን ለሌሎች ድርጅቶች በውል መስጠት፣ በመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ ከመደበኛው ሰዓት ውጭ በተሻለ ክፍያ የሚያገለግል የግል ሕክምና ክፍል መክፈት ይገኙበታል። የግል ሕክምና ክፍሉ ዓላማ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ተጨማሪ ገቢ አግኝተው በመንግሥት ሆስፒታል እንዲቆዩ ነው።

የመድኃኒት አቅርቦቱም አብሮ ተለውጧል። በ1999 ዓ.ም. የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተቋቁሞ ለመንግሥት ተቋማት መድኃኒት በጅምላ መግዛትና ማከፋፈል ጀመረ። ኤጀንሲው የሚሠራው በተዘዋዋሪ ፈንድ ነው፤ መድኃኒቱ ተሸጦ ገንዘቡ ሲመለስ እንደገና መድኃኒት ይገዛበታል። ስለዚህ ጤና ጣቢያዎች ዕዳቸውን ካዘገዩ የሚቀጥለው ግዢም ይዘገያል።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ፕሮግራም የመንግሥት ገንዘብ ወደ ገጠርና ወደ መከላከል እንዲያዘነብል ያደረገ ትልቁ ውሳኔ ነው። በየገጠር ቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ። ሠራተኞቹ በአብዛኛው 10ኛ ክፍል የጨረሱና ከአካባቢው የተመረጡ ሴቶች ሲሆኑ፣ ለአንድ ዓመት ሠልጥነው የመንግሥት ደመወዝተኛ ይሆኑ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሥራው በ16 ጥቅሎች ተከፍሎ ነበር፤ የግልና የአካባቢ ንጽሕና፣ መጸዳጃ ቤት፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔና የወባ መከላከል ከእነዚህ ይገኙበታል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች ተሰማሩ። ከበጎ ፈቃድ የጤና ሠራተኞች ይልቅ ደመወዝተኞች መመረጣቸው ፕሮግራሙን ውድ ቢያደርገውም፣ ሥራው በለጋሽ ፕሮጀክት ዕድሜ እንዳይወሰን አድርጎታል።

ጤና መድኅን

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን

ይህ መድኅን ወርኃዊ ደመወዝ ለሌላቸው አርሶ አደሮች፣ አርብቶ አደሮችና በግላቸው ለሚተዳደሩ የከተማ ነዋሪዎች የታሰበ ነው። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው ደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። አባልነቱ በፈቃደኝነት ሲሆን የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። በሙከራው ወቅት የአንድ ቤተሰብ መዋጮ እንደ ክልሉ በወር ከ10.50 እስከ 15 ብር ነበር። የፌዴራል መንግሥት ከመዋጮው 25 በመቶ የሚሆን ድጎማ ይጨምር ነበር፤ የድሃ ቤተሰቦችን መዋጮ ደግሞ ክልሎችና ወረዳዎች ይከፍሉላቸዋል።

አባሉ ካርዱን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ በመስኮቱ አይከፍልም፤ ተቋሙ ሂሳቡን ለወረዳው መድኅን ያቀርባል። ከጤና ጣቢያ በላይ ያለ ሕክምና የሚያስፈልገው የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። በሙከራው ወቅት ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል የወጪውን ግማሽ ራሱ ይከፍል ነበር። የውጭ አገር ሕክምና፣ ለውበት ሲባል የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፈኑም።

አሠራሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ዕድር ሐዘን ሳይደርስ መዋጮ ሰብስቦ ሐዘን የደረሰበትን እንደሚረዳ፣ መድኅኑም ሕመም ሳይመጣ ይሰበስባል። ልዩነቱ የዕድር ወጪ አስቀድሞ የሚታወቅ መሆኑ ነው፤ የሕክምና ወጪ ግን ከጥቂት ብር እስከ ብዙ ሺሕ ሊደርስ ይችላል። ለማሳያ ያህል 1,000 ቤተሰቦች በዓመት 180 ብር ቢያዋጡ 180,000 ብር ይሰበሰባል። ከእነሱ 20ዎቹ እያንዳንዳቸው 6,000 ብር የሚፈጅ ሕክምና ቢያስፈልጋቸው 120,000 ብር ይወጣል፤ ቀሪው 60,000 ብር ለሌሎቹ ቀላል ሕክምና ይሆናል። የተመዘገቡት 100 ቤተሰቦች ብቻ ቢሆኑ ግን የሚሰበሰበው 18,000 ብር ከሦስት ከባድ ታማሚዎች በላይ አይችልም። የሚመዘገቡት ቀድሞውኑ ሕመምተኛ ያለባቸው ቤተሰቦች ብቻ ከሆኑ ደግሞ ገንዘቡ ይበልጥ ፈጥኖ ያልቃል። ሕመም ሊደርስበት የሚችልን ሰው ብቻ የሚስብ መድኅን የማይዘልቀው በዚህ ምክንያት ነው። ወረዳዎች በየዓመቱ ከመኸር በኋላ የምዝገባ ዘመቻ የሚያደርጉትም ጤነኛው ቤተሰብ አብሮ እንዲገባ ለማድረግና አርሶ አደሩ ገንዘብ በእጁ በሚኖርበት ወቅት ለመሰብሰብ ነው።

በሙከራው ማብቂያ በ13ቱ ወረዳዎች ከሚገኙት ቤተሰቦች ግማሽ ያህሉ ተመዝግበው ነበር። ጥናቶች አባላት አባል ካልሆኑት ይልቅ ጤና ተቋም እንደሚጎበኙ አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ መድኅኑ ወደ አብዛኞቹ የአገሪቱ ወረዳዎች ተስፋፍቶ አዲስ አበባንም ጨመረ፤ ተጠቃሚዎቹ ከ40 ሚሊዮን በላይ ደርሰዋል። መዋጮውም በየጊዜው ከፍ ብሏል።

ማኅበራዊ ጤና መድኅን

በመንግሥትና በግል ድርጅቶች ለሚሠሩ ደመወዝተኞችና ለጡረተኞች የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጣ፤ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ጤና መድኅን ኤጀንሲም በ2003 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከማኅበረሰብ አቀፉ በተለየ ይህ መድኅን ግዴታ ነው። በወጣው ደንብ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ ይከፍላሉ። ደመወዙ 5,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በወር 150 ብር ያዋጣል፤ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምራል።

አዋጁ ቢወጣም ሥራው የሚጀመርበት ጊዜ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ሠራተኞች በዋጋ ንረት ላይ ተጨማሪ ቅነሳ እንደማይችሉ፣ የሚያዋጡበት ሕክምናም ጥራቱ እንደማያስተማምናቸው ገልጸው ተቃውመዋል። በዚህ ምክንያት ያልተጠበቀ ሁኔታ ተፈጠረ፤ ዝቅተኛ ገቢ ያለው አርሶ አደር መድኅን ሲገባ፣ ደመወዙ በየወሩ የሚታወቀውና መዋጮው በቀላሉ ሊሰበሰብ የሚችለው ሠራተኛ ከሥርዓቱ ውጭ ቆየ።

የገንዘቡ ምንጮች

የአገሪቱ የጤና ወጪ በየተወሰነ ዓመት በሚሠራ ብሔራዊ የጤና ሂሳብ ጥናት ይለካል። በ1997 በጀት ዓመት የአንድ ሰው ዓመታዊ የጤና ወጪ 7 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2009 በጀት ዓመት ወደ 33 ዶላር ከፍ ብሏል። በዚያው 2009 በጀት ዓመት ወጪው በሦስት ተቀራራቢ ክፍሎች ተከፍሎ ነበር፤ ከውጭ እርዳታ 35 በመቶ፣ ከመንግሥት 32 በመቶ፣ ከቤተሰብ ኪስ 31 በመቶ።

የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ከቤተሰብ ኪስ የሚወጣው ከጠቅላላው ከ15 እስከ 20 በመቶ በታች ሲሆን ሰዎች በሕክምና ወጪ የመደህየታቸው ዕድል እንደሚቀንስ ይገልጻሉ። የኢትዮጵያ ድርሻ ከዚህ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የአፍሪካ መሪዎች በአቡጃ ከመንግሥት በጀት 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ የገቡትን ቃልም ኢትዮጵያ አልደረሰችበትም።

ምን ምን በነፃ፣ ምን ምን በክፍያ እንደሚሰጥ ለመወሰን እ.ኤ.አ. በ2019 የተከለሰ መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ጥቅል ወጥቷል። ጥቅሉ 1,018 አገልግሎቶችን ይዘረዝራል። ከእነሱ 570ው በነፃ፣ 387ቱ ታካሚው ወይም መድኅኑ ከወጪው በሚጋራበት መንገድ፣ 61ዱ ሙሉ ወጪያቸው ተከፍሎ እንዲሰጡ ተመድበዋል።

ውጤት

በማሻሻያው ዘመን የአገሪቱ የጤና አመልካቾች በግልጽ ተሻሽለዋል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከአምስት ዓመት በታች የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ 166 ነበር፤ በ2016 ወደ 67 ወርዷል። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች በእነዚያው ዓመታት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር ከ871 ወደ 412 ቀንሰዋል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2000 እ.ኤ.አ. 5 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 26 በመቶ፣ በ2019 48 በመቶ ደርሰዋል።

ይህ ሁሉ የፋይናንስ ማሻሻያው ብቻ ውጤት አይደለም። የመንገድ መስፋፋት፣ የሴቶች ትምህርት፣ የምግብ ሁኔታ መሻሻልና ከፍተኛ የውጭ እርዳታም ድርሻ አላቸው።

ትችትና ያልተፈቱ ችግሮች

የመድኃኒት እጥረት። የመድኅን አባላት በብዛት የሚያነሱት ቅሬታ ካርድ ይዘው ሄደው መድኃኒቱን ከግል መድኃኒት ቤት በራሳቸው ገንዘብ እንዲገዙ መታዘዛቸው ነው። መዋጮውን የከፈለ ቤተሰብ መድኃኒቱን ደግሞ ከገዛ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ምዝገባውን ላለማደስም ምክንያት ይሆነዋል። እጥረቱ ከውጭ ምንዛሬ ጋር ይያያዛል፤ አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ ስለሚገባ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ጫናው ጨምሯል።

የክፍያ መዘግየት። የወረዳ መድኅን ለሆስፒታል የሚከፍለውን ሲያዘገይ ሆስፒታሉ መድኃኒት መግዛት ያቅተዋል፤ መድኃኒት ሲጠፋ አባላት ይርቃሉ፤ አባላት ሲርቁ መድኅኑ የሚከፍለው ያንሰዋል። ይህን አዙሪት መስበር ከማሻሻያው ከባድ ሥራዎች አንዱ ነው።

የትንንሽ ቋቶች ችግር። መድኅኑ በወረዳ ደረጃ የተደራጀ በመሆኑ አንድ ወረዳ ድርቅ ወይም ወረርሽኝ ሲደርስበት የሚያግዘው የለም። ስለዚህ ቋቶቹን ወደ ዞን፣ ወደ ክልልና ወደ አገር ደረጃ የማሰባሰብ ሐሳብ ተይዟል። ተቃራኒው ሥጋትም አለ፤ ገንዘቡ ከአካባቢው ሲርቅ ሕዝቡ የእኔ ነው የሚለው ስሜት ሊላላ፣ ቁጥጥሩም ሊደክም ይችላል።

በእርዳታ ላይ መመሥረት። ለኤች አይ ቪና ለቲቢ የሚወጣው ገንዘብ አብዛኛው ከውጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ የጤና ባለሙያዎች ውል ተቋርጧል። ለሃያ ዓመት «አንድ በጀት» ሲባል የቆየው ሐሳብ ምን ያህል በሌሎች እጅ እንደነበር በዚያን ጊዜ ታይቷል።

ግጭት። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር በተካሄደው ጦርነት ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። በኋላም በአማራና በኦሮሚያ በቀጠሉት ግጭቶች መዋጮ መሰብሰብም ሆነ መድኃኒት ማጓጓዝ በብዙ ቦታዎች ተስተጓጉሏል። መድኅን በመተማመን የሚቆም ሥርዓት ነው፤ ቤተሰቡ ዛሬ የሚያዋጣው ነገ ሲታመም ጤና ጣቢያው ክፍት ሆኖ መድኃኒት እንደሚያገኝ ሲያምን ነው።